አስረካቢ፦ ሰማይ

በየሰፈሩ ማንንም የማያምን አንድ ሰው አለ፤ ከሌለ ሰፈሩ ገና ሰፈር አልሆነም። ይህ ሰው ሰዓት ሲጠይቅ ሁለት ሰው ይጠይቃል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ማን ልክ እንደሆነ ይጠይቀዋል። «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «ምን ሰምተህ ነው?» ይላል። የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ የሐኪሙን ወረቀት ካላየ በሽታውን አይቀበልም። ሞተ ከተባለም ቀብር ላይ የሚገኘው ለማዘን ብቻ ሳይሆን ለማጣራት ጭምር ነው።

በእኛ ታሪክ ውስጥ ያሉት እንዲህ ያለ ሰው ጋሽ ማስረጃ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። እሳቸውም «ማን አወጣው? መቼ? በማን ፊት?» እያሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጣርተው፣ ጥፋተኛው ሲጠፋ ስሙን ተቀበሉት። ሠላሳ ሁለት ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በጡረታ አሰናበታቸው እንጂ ግምጃ ቤቱ ከውስጣቸው አልወጣም። እስከ ዛሬ ማናቸውም ነገር በበራቸው ሲገባ መጀመሪያ ጉድለቱ ይጻፋል፣ ከዚያ ይፈረማል፣ ከዚያ ነው ዕቃው እንዲቀመጥ የሚፈቀድለት። አባባላቸውም አንዲት ናት፦ «ያልተጻፈ አልተደረገም።»

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ልጃቸውን ያገባው መምህር ነው። መምህሩ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ከሚስቱና ከሁለት ወር ሕፃን ልጁ ጋር የሚኖረው እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ልጅቷን ሲያጭ ጋሽ ማስረጃ የቀድሞ አከራዮቹን አነጋግረዋል፣ የትምህርት ማስረጃውን ዋናውን ከቅጂው ጋር አመሳክረዋል፣ ጥርሱን ሳይቀር አይተዋል ይባላል። ይህ የመጨረሻው ሐሜት ሊሆን ይችላል። መምህሩ ግን ሲጠየቅ አያስተባብልም።

በረዶው የወረደው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየና ድንገት ጸጥ አለ። ጎረቤት ሁሉ በር በሩን ከፍቶ «እንቁላል የሚያህል ነው» ሲባባል፣ ጋሽ ማስረጃ «የምን ዶሮ እንቁላል?» ብለው ሜትር ይዘው ወጡ። ሦስት ደህና ደህና ፍሬዎች መርጠው ለኩ። በፌስታል አድርገው «ናሙና አንድ፣ ናሙና ሁለት፣ ናሙና ሦስት» ብለው ጻፉባቸውና ፍሪዘር ውስጥ፣ ከሥጋው ጎን አስተኟቸው። ባለቤታቸው፣ መምህሩ እማማ የሚላቸው፣ «ሥጋውን አውጥተህ በረዶ ታስቀምጥልኛለህ?» ቢሏቸው «ሥጋ ነገም ይገዛል» ብለው ዘጉት።

የዚያኑ ቀን ኮሚቴ ተቋቋመ። ክቡር ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ጸሐፊ እማማ፣ አባል መምህሩ ሆኑ። ልጃቸው ሕፃን ስለያዘች በታዛቢነት ተቀመጠች። ሰብሳቢው ከግምጃ ቤት ዘመናቸው የተረፈ የርክክብ ቅጽ ከሣጥን አወጡና እንዲህ አስሞሉ፦ «አስረካቢ፦ ሰማይ። ተረካቢ፦ እኔ። የዕቃው ዓይነት፦ በረዶ። የደረሰ ጉዳት፦ ወደፊት ይቆጠራል።» በአስረካቢው ፊርማ ቦታ ላይ «ለመፈረም አልቀረቡም» ተባለ፤ የኮሚቴው አባላት ግን በቃለ ጉባኤው ደብተር ላይ ሁሉም ፈረሙ። መምህሩ ሳቁን ለመዋጥ ሲል ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር እንደተሰነቀረበት አስመስሎ ሳል ሳለ።

ሳቁ ግን ብዙ አልዘለቀም። በማግስቱ ከኋላው ክፍል ኮርኒስ ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። የሕፃኗ አልጋ የሚገኘው እዚያ ነው። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ ውኃው ወደ መስኮቱ መጣ። ወደ በሩ አመጡት፣ በበሩ በኩል ነፋስ ገባ። ሰማዩ እንደ ጠቆረ ነበር፤ አንድ ደህና ዝናብ ከመጣ ኮርኒሱ ራሱ ሊወርድ እንደሚችል ጂኦግራፊ ያልተማረም ያውቀዋል።

በዚያው ጠዋት፣ በረዶው ከየጥጋጥጉ ቀልጦ ሳያልቅ፣ አንድ ተቋራጭ በር አንኳኳ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ ሰው ነው። «አባቴ» አለ ገና ሳይገባ፣ «ጣሪያው አልቆለታል። ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት።»

ጋሽ ማስረጃ ከበሩ አላሳለፉትም። «ወጥተህ አየኸው?»

«ከዚህም ይታያል።»

«ስንት ቀዳዳ አለው?»

«እንዴ፣ ብዙ ነዋ አባቴ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም» አሉና በሩን በቀስታ ዘጉት። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» አሉ። የተቋራጩ ስም በዚያው አፈ ቅቤ ሆኖ ቀረ። መምህሩ ግን ሰውየው በበሩ ስር ያሾለከውን ስልክ ቁጥር አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ራሱም አላወቀም ነበር።

ጋሽ ማስረጃ ጣሪያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሥርዓቱን አስረዱ። «ጣሪያ ሠሪ ከወጣ በኋላ ጣሪያ ቀዳዳ ይወልዳል። ስለዚህ እሱ ሳይወጣ በፊት የእኛ መታወቅ አለበት።» ከዚያ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በሚያማቸው ጉልበት፣ መሰላሉን ወጡ። መምህሩም ማስመሪያና ስልክ ይዞ ተከተላቸው። ቆርቆሮዎቹ ከአንድ እስከ ሃያ አራት ተቆጠሩ። ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መምህሩ ማስመሪያውን አጠገቡ ያጋድማል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ሰብሳቢው ዙሪያውን በጠመኔ ይከብባሉ፣ እማማ ከታች ሆነው ይጽፋሉ። ቁጥሩ ሲጠራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የጎረቤት ልጆች አብረው ይቆጥሩ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ለፍተው ሲጨርሱ አርባ አንድ ቀዳዳ ሆነ። ጎድጉዶ ያልተቀደደው ስርጉድ ደግሞ ሁለት መቶ አለፈ። ሐሙስ ማለዳ ትንሽ አካፋና ጠመኔውን ሙልጭ አድርጎ አጠበው። ሌላ ሰው ቢሆን ፎቶው ይበቃል ይል ነበር። ጋሽ ማስረጃ ግን የልጃቸውን ቀይ የጥፍር ቀለም ተረክበው፣ ጉድለቱን መዝግበው (ግማሽ ጠርሙስ)፣ ተመልሰው ወጡ። አርባ አንዱም ቀዳዳ አንድ በአንድ ቀይ ቀለበት አጠለቀ። ልጅቷ ከታች ሆና «የእኔን ጥፍር እንኳን እንዲህ አሳምሬው አላውቅም» አለች።

ዓርብ ዕለት እማማ ሰው አፈላልገው አንድ ጣሪያ ሠሪ አስመጡ። ይህ ሰው ቃል የሚወጣው በመከራ ነው። ቆሞ ወረቀቱን ጠየቀ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ወጣ፣ ወረደ። «አርባ አንድ» አለ። «ልክ ነው። ስርጉዱ አያፈስም፣ ይተው። ቀዳዳውን እደፍናለሁ፤ ሁለት ቆርቆሮ እቀይራለሁ። ግማሽ ቀን ነው።»

እማማ እፎይ አሉ። መምህሩ መሰላሉን ሊያቀብል ተነሣ። ጋሽ ማስረጃ ግን ፊታቸው ተቀያየረ። ሰውየውን «ሰኞ እናሳውቅሃለን» ብለው ሸኙት።

«ምን አጠፋ ደግሞ?» አሉ እማማ።

«ተስማማ።»

«መስማማት ጥፋት ሆነ?»

«አርባ አንድ አልኩ፣ አርባ አንድ አለ። ሁለት መጨመር ወይ መቀነስ የለበትም? ያለ ክርክር የሚስማማ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። ከዚህ በፊት የሠራባቸውን ቤቶች ሄጄ ላጣራ።»

«ጋሼ፣ ሕፃኗ ላይ እያፈሰሰ ነው» አለ መምህሩ። ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

«አውቃለሁ ልጄ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ሳይቃጠል በቅጠል የሚልም ተረት አለ» አሉ እማማ፣ የቃለ ጉባኤውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ማስረጃ ፎቶዎቹን ሊያሳትሙ ፎቶ ቤት ሄዱ። እማማና ልጃቸው ሕፃኗን ይዘው ክትባት ወጡ። መምህሩ ብቻውን የልጁን አልጋ እየተመለከተ ቆመ። ፍራሹ ጥግ ላይ እርጥብ ነው። ከፍሳሹ ሥር የተደገነው ሳፋ ሞልቷል። ደመናው ወርዶ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «አባት ነኝ ወይስ የኮሚቴ አባል?» አለ ለራሱ። አንድ ጊዜ ሥራው ከተጀመረ ሽማግሌው ምን ያደርጋሉ? የዝምተኛው ጣሪያ ሠሪ ቁጥር ያለው እሳቸው ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። እጁን ኪሱ ከተተና የአፈ ቅቤን ስልክ ቁጥር አወጣ።

አፈ ቅቤ በሃያ ደቂቃ ደረሰ። «አንተማ የተማርክ ሰው ነህ፣ ይገባሃል» እያለ መሰላሉን ወጣ። መምህሩ መሰላሉን ይዞ ከታች ቆመ። ወዲያው መዶሻ ተሰማ። «ምን እየሠራህ ነው?» ቢለው «እየፈተሽኩ ነው ወንድሜ፣ የላላ እንዳለ» አለው። አንዴ ኳ፣ ቆይቶ ደግሞ ኳ። ሰውየው ሲወርድ ላቡን እየጠረገ ነበር። «ወንፊት ነው ጣሪያችሁ። መደፈን የሚባል ነገር የለም። ገብተህ በኮርኒሱ መክፈቻ እይ።»

መምህሩ ገብቶ ወንበር ላይ ቆሞ የኮርኒሱን ክዳን ገፋ። እውነትም ብርሃን በየቦታው ይወርዳል። ግን ጣሪያው ሲቆጠር ልክ ከልጁ አልጋ አናት ቀዳዳ አልነበረም፤ ውኃው ከዳር ሆኖ በኮርኒሱ ላይ እየሄደ ነበር የሚመጣው። ዛሬ ሁለት የብርሃን ክር ልክ ከአልጋዋ በላይ ባለው ኮርኒስ ላይ አርፏል። ከወንበሩ ሳይወርድ የውጭው በር ሲከፈት፣ የጋሽ ማስረጃም ሳል ሲከተል ሰማ።

ሽማግሌው ፎቶዎቹን በብብታቸው ይዘው መሰላሉን ወጡ። መምህሩ ከቤት ወጥቶ አፈ ቅቤ አጠገብ ቆመ፤ ማምለጫ ያጣ ሰው ከሌባው ጎን እንደሚቆም ማለት ነው። ሽማግሌው ቆየት ብለው ወረዱ።

«ሰባት» አሉ።

«በረዶ ነው አባቴ» አለ አፈ ቅቤ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «በረዶ ምን ምሕረት አለው።»

«በረዶ መጀመሪያ ያሰረጉዳል፣ ከዚያ ይቀድዳል። ቀዳዳው ስርጉድ መሃል ነው የሚገኘው። እነዚህ ሰባቱ ስርጉድ የላቸውም። ቀይ ቀለበትም የላቸውም። ሚስማርህን ግን አሸንዳው ውስጥ ረስተኸዋል።» ሚስማሩን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አሳዩት።

አፈ ቅቤ ማሩ ደረቀበት። «ሰው የማያምን ሰው» እያለ መዶሻውን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ጋሽ ማስረጃ ከበሩ እስኪሰወር ጠበቁት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ዝምተኛውን ጣሪያ ሠሪ ጠሩ። «አንተ አልጨመርክም፣ ሌላው ጨመረልን። አርባ ስምንት ሆኗል፤ እስካሁን» አሉት።

ሰውየው መጣ። አርባ ስምንቱን አንድ በአንድ ደፈነ፣ ሁለት ቆርቆሮ ቀየረ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወርድ ዝናቡ ጀመረ። ዶፍ ነበር። እማማና ልጃቸው የክትባቱ ሰልፍ አውሏቸው፣ ሻርፕ ተከናንበው ሲገቡ ኮርኒሱ ደረቅ፣ ሳፋውም ባዶ ነበር። የሁሉም ፊት በራ፣ ከመምህሩ በቀር። ጋሽ ማስረጃ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ታማኝ ለመባል ያልሠራው ሥራ የለም፤ እነሆ በአንድ ጠዋት ገደል ገባ። አሁን ደግሞ ሚስቱ ልታውቅ ነው። በልጁ አልጋ አናት ላይ ሌባ ያወጣ አባት።

ማምሻውን ኮሚቴው ለመዝጊያ ስብሰባ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ስለ ሰባቱ ቀዳዳዎች አስረዱ። እማማ እየጻፉ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ «ማነው ደግሞ ያንን ሰውዬ ያስገባው?» አለች።

መምህሩ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር።

«ጻፊ» አሉ ጋሽ ማስረጃ ወደ እማማ። «ተቋራጩ ጣሪያው ላይ የወጣው በሰብሳቢው ፈቃድና ትእዛዝ ነው።»

እማማ ብዕሩን አቆሙ። «አንተ ፎቶ ቤት አልነበርክም እንዴ?»

«ጻፊ ብያለሁ።»

እማማ ባላቸውን አዩ፣ ቀጥለው መምህሩን አዩ፣ ከዚያም አጎንብሰው ጻፉ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ግምጃ ቤትና በአሥራ አንድ ዓመት ጡረታ፣ ጋሽ ማስረጃ አንዲት ሐሰት በወረቀት ላይ አስፍረው አያውቁም። ልጅቷ «አባባ፣ እርስዎም እንዲህ ይሸወዳሉ?» ብላ ሳቀችባቸው። እሳቸውም «ሰው ነኝ» አሉና ሳቁን ተቀበሉ፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ደብተሩን ወደ መምህሩ ገፉለት። «ፈርም።»

መምህሩ ብዕሩን አነሣ። ዓይኑ ውኃ ስለሞላ መስመሩ በደንብ አይታየውም። እኚህን ሰው የማያምኑ ሽማግሌ ይወዳቸው ነበር፤ ያን ያህል እንደሚወዳቸው ግን ያወቀው ገና አሁን ነው። ተነሥቶ አንገታቸውን አቅፎ ሊስማቸው ከጀለ። ነገሩ ያስጠረጥራል ብሎ ፈራና ፈረመ።

ጋሽ ማስረጃ ደብተሩን መልሰው ተቀበሉ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወደ ማክሰኞው ገጽ ገለጡ፣ ሁለቱን የመምህሩን ፊርማዎች ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አስተያዩ።

«የራሱ ነው» አሉ፣ ደብተሩንም ዘጉት።