በጾም የተመረቀው ድልድይ

በሰው ልጅ የግንባታ ታሪክ ያለ ድንጋይ፣ ያለ ሲሚንቶና ያለ ግንበኛ ድልድይ ማን ሠራ ቢባል፣ መልሱ ቢቸና ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንማ ከዚህም በላይ እል ነበር። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም፤ ትልቅ ሥራ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ስሙ ሲነሳ ደስ አይለውም። እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የተሠራውን ማወደስ ነው፤ ያልተሠራ እንደሆነ ደግሞ አብዝቼ አወድሳለሁ።

ነገሩን የጀመሩት ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ። በጋውን በእግራቸው እየተሻገሩ በየገበያው ቀን ቢሯችን ይመጣሉ። ክረምት ሲገባ ወንዙ በላይኛውም በታችኛውም መሻገሪያ ይሞላና አምቡላንሱ ከወዲህ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከወዲያ ይቀራሉ። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታቸው ቃሬዛ ላይ ተኝታ ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ልጇ ሞተባት። ዘንድሮ ደግሞ የገዛ ልጃቸው አርሴማ ነፍሰ ጡር ናት።

«ልጄ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች» ይላሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም።

«በዕቅድ ተይዟል» ይላሉ ኃላፊያችን አቶ አስናቀው።

«መውለዷ?»

«ድልድዩ።»

ዕቅድ መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም። እኛ ይህንን ድልድይ ለዓመታት ሳንለቅ ይዘነዋል።

በዚህ መካከል አንድ ለጋሽ ድርጅት የቨርቹዋል መነፅሮች በሳጥን ላከልን። መነፅሩን ያጠለቀ ሰው የታቀደው ነገር ተሠርቶ ይታየዋል፤ ወደ ላይ ሲያይ ሰማዩን፣ ወደ ታች ሲያይ ወንዙን ያያል። ዓላማው ነዋሪው ዕቅዱን ተመልክቶ ሐሳብ እንዲሰጥ ነበር። መጀመሪያ ያጠለቁት ግን፣ በደረጃቸው መሠረት፣ አቶ አስናቀው ናቸው። አጥልቀው ከፋይል መደርደሪያው እስከ በሩ አየሩን እንደ ድልድይ መደገፊያ ይዘው ተራመዱ። ፊታቸው በራ።

«ተሠርቷል እኮ» አሉ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ደነገጠ። «ጌታዬ፣ ይሄ ማሳያ ነው።»

«ስረግጠው ይዞኛል።»

«የረገጡት የቢሮውን ወለል ነው።»

«ድልድይ ማለት ሰው ረግጦት የማይወድቅበት ነገር ነው። ወደቅሁ?»

«አልወደቁም።»

«ስለዚህ።»

እኛ ቢሮ «ስለዚህ» ከተባለ በኋላ ውይይት የለም። የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ደርሶ ስለነበር ድልድዩ በዚያው ሳምንት «መቶ በመቶ ተጠናቆ ለምረቃ ዝግጁ» ተባለ። ወይዘሮ ባንቺዓለምም ተጠርተው መነፅሩን አጠለቁ። ግራ ቀኙን አይተው፣ «ያምራል» አሉ። ቀጥለውም፣ «አርሴማን በዚህ ላይ ቃሬዛ የሚይዛት ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ጠቃሚ አስተያየት ተብሎ ተመዘገበ።

ለምረቃው ከሞጣ በአቶ ፋንታ የሚመራ የልምድ ልውውጥ ቡድን ተጋበዘ። ሪባኑ፣ ባንዲራው፣ ድግሱ ሁሉ መነፅሩ ውስጥ እንዲሰናዳ ተደረገ። ባለሙያው ቅር እያለው ያዘጋጀውን ድግስ ማማሩን ልናገር አልችልም፤ አላየሁትማ። ካሜራ ይዤ ስለነበር መነፅር አልደረሰኝም። ያየሁት ከውጭ ነው፤ ከውጭም ቢሆን ታላቅ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌለ ሪባን ሲቆረጥ አጨበጨበ። ከዚያ አቶ አስናቀው እጃቸውን ወደ ላይ ሰድደው መነፅሩ ውስጥ ከተሰቀለው ሥጋ አንድ ጎን ቆረጡ። ኃላፊው ከጀመሩ ማን ይቀራል? ሁሉም መቁረጥ፣ ማጥቀስ፣ ማላመጥ ያዘ። አየር ሲታኘክ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንደሚያወጣ አላውቅም ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ለጎረቤታቸው ጉርሻ ሰጥተው አፍንጫቸውን መቷቸው፤ ጎረቤትየውም በጣም ደግ ሰው ናቸውና «ጣፋጭ ነው» አሉ።

አቶ ፋንታ ሲጨርሱ ንግግር አደረጉ። «እኛ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለን» አሉ። «የተሰበረ እንኳ ቢሆን አለ። ያልተሠራ ድልድይ ግን ያየነው ዛሬ ነው። ብዙ ተምረናል።» ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው።

መነፅሩ ወልቆ አፍ ሲጠረግ ነው፣ አንዷ ጸሐፊ በዝግታ ያቺን ጥያቄ የጠየቀችው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

አርብ ነበር። የሁዳዴ አርብ።

ጾሙን ያልፈታሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔም በመሣሪያ እጥረት እንጂ በጽድቅ አይደለም። አቶ አስናቀው ጭንቅ ያዛቸው። ለትንሣኤ ከባለቤታቸው ጋር ሊቆርቡ ቀን ቆርጠው ነበር። ባለቤታቸው ስንት ዓመት ለምነዋቸው ገና ዘንድሮ እሺ ያሉበት ነገር ነው። አሁን ለባለቤታቸው ምን ብለው ይንገሯቸው?

ነገሩ አንድ ሰው የሚሸከመው ስላልነበረ ንስሐው በማኔጅመንት ደረጃ እንዲፈጸም ተወሰነ። ሁሉም ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ሄዱ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርሁ። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ደብረ ወርቅ የተማሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲስቁም ጢማቸው ብቻ የሚስቅ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ተቀበሉን።

«አባቴ፣ ሥጋ ነገር ቀምሰናል» አሉ አቶ አስናቀው።

«ሥጋ ነገር ምንድን ነው?»

«መነፅር ውስጥ ነው። ሲነኩት የለም። ሆድም አይገባ።»

«አምሮህ ነው የቆረጥኸው?»

አቶ አስናቀው መሬት መሬት አዩ። «አፌ ውሃ ሞልቶ ነበር።»

«እንዲያ በል።»

«በህልሙ ሥጋ የበላ ሰው ጾም ፈታ ይባላል ወይ አባቴ? ይሄም እኮ እንደ ህልም ነው።»

«አይባልም። ህልም ሳትጠራው ይመጣብሃል። መነፅሩን ግን በገዛ እጅህ ነው ያጠለቅኸው። በህልሙ ላየው ነገር ሪፖርት የላከም ሰው ሰምቼ አላውቅም። እስቲ ንገረኝ፣ ሥጋው የት ነበር የተሰቀለው?»

«ድልድዩ ላይ።»

«ድልድዩስ አለ?»

እዚህ ላይ ማኔጅመንቱ እርስ በርሱ ተያየ።

«ልጆቼ» አሉ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ «ሥጋው ከሌለ ድልድዩም የለም። ድልድዩ ካለ ደግሞ ሥጋውም አለ። አንዱን ምረጡ። እኔ ለሁለቱም እሺ ነኝ።»

አቶ አስናቀው የአጭር ዕረፍት ጠየቁና ማኔጅመንቱ ከጽዱ ጀርባ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ውይይት በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ተደርጎ አያውቅም። «የለም ካልን» አሉ የፋይናንስ ኃላፊው፣ «ሪፖርቱ ውሸት ይሆናል።» «አለ ካልንስ?» «ኃጢአት ብቻ ነው።» ሁሉም እፎይ አለ። ኃጢአትን እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ ሪፖርትን ግን የበላይ አካል ይቅር ብሎ አያውቅም። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

«በልተናል አባቴ» አሉ አቶ አስናቀው ተመልሰው። «ሥጋው ነበረ።»

«ብዙ ነው?»

«ጠግበናል» አሉ የፋይናንስ ኃላፊው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር ሲሉ።

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ጢማቸው ሳቀ። «እንግዲያው ቀኖናችሁ ይህ ነው። ከገደሉ ሥር ድንጋይ እየተሸከማችሁ ወንዙ ዳር ታወርዳላችሁ። የማዶ ግንበኞች ይገነባሉ። ነፍሰ ጡር ሴት በቃሬዛ የምትሻገርበት ቀን ቀኖናችሁ አለቀ፤ ያን ጊዜ ትቆርባላችሁ።»

«ድልድዩ እኮ ተሠርቷል አባቴ።»

«እሱ የበላችሁበት ነው ልጄ። ይሄኛው የምታወራርዱበት ነው።»

እናም ፋሲካ እንዳለፈ፣ ቢቸና አይታው የማታውቀውን አየች። ክራባት ያሰሩ ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። የፋይናንስ ኃላፊው መጀመሪያ ትንሽ ትንሹን ይመርጡ ነበር፤ ጸሐፊዋ ትልቁን ተሸክማ ስታልፋቸው አፈሩና አሻሻሉ። የሞጣው ቡድንም የገዛ ንስሐ አባቶቹ ሰድደውት በመኪና መጣ፤ አቶ ፋንታ የልምድ ልውውጡ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው ብለው ሸሚዛቸውን አወለቁ። የማዶ ሰው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ድንጋይ ጠርቦ ጠበቀን። እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ የሣቅሁበት ወራት በሕይወቴ የለም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ድልድዩ ቆመ። አቶ አስናቀው መዳፋቸው ተላልጦ፣ መጀመሪያ ተሻገሩበት። መሀል ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄኛው ይነቃነቃል» አሉ። «የመጀመሪያው አይነቃነቅም ነበር።»

«የመጀመሪያው ምን ሊነቃነቅ» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም።

ሐምሌ ገባ፤ ወንዙ ሞልቶ ደፈረሰ። አርሴማን ምጥ ያዛት። አራት ጎረምሶች ቃሬዛዋን ተሸክመው፣ ውሃው ከሥር እየጮኸ፣ በዚያ በሚነቃነቀው ድልድይ አሻገሯት። አምቡላንሱ ጤና ጣቢያ አደረሳት፤ ሴት ልጅ ወለደች። አቶ አስናቀው ወንዙ ዳር ቆመው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኔም አለቀስሁ፤ ሥራዬ ግን ሥራ ነውና በዚያው የድልድዩን ፎቶ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ለጠፍሁ።

ስህተቱ ይህ ነበር። የበላይ አካል ፎቶውን አይቶ ደነገጠ። የተመረቀው ድልድይ ኮንክሪት፣ መብራት ያለው፣ መኪና የሚያሳልፍ ነው። ይሄ ድንጋይና ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ያው ድልድይ አይደለም። ያው ካልሆነ ደግሞ በዕቅድ ያልተያዘ፣ የተመረቀውን ድልድይ ቦታ የያዘ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው። እንዲፈርስ ታዘዘ። ወይዘሮ ወይንእሸት የሚባሉ፣ በትእዛዝ አፈጻጸም ስመ ጥር የሆኑ ሴት፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይዘው በአንድ ረቡዕ መጡ፤ እኔና አቶ አስናቀውም አብረን ወንዙ ዳር ወረድን።

ወይዘሮ ባንቺዓለም ሄደው ድልድዩ መሀል ላይ ቁጭ አሉ።

«ይነሱ እናቴ፣ ትእዛዝ ነው» አሉ ወይዘሮ ወይንእሸት።

«ልጄ የተሻገረችበት ነው። የጎረቤቴም ልጅ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። እኔን ይዞ ይፍረስ።»

ድጅኖ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አስናቀው ወንበራቸውም፣ የተላላጠ መዳፋቸውም በአንድ ጊዜ ትዝ አላቸው መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳጥኑን ከመኪናው አውርድ።»

መነፅሩን ራሳቸው በክብር ለወይዘሮ ወይንእሸት አጠለቁላቸው። ባለሙያው ከአዲስ አበባ በስልክ እየመራኝ መነፅሩ ውስጥ ዶዘር አስገባሁ። ወይዘሮዋ መጀመሪያ አንገራገሩ። ቀጥሎ መሪውን ያዙ። ቀጥሎም፣ ዶዘር መንዳት የልጅነት ምኞታቸው ነበር መሰለኝ፣ «ዞር በሉ» እያሉ ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይዞሩ ጀመር። ከትከት ብለው እየሣቁ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ናዱት። የናዱት እንግዲህ ሕጋዊውን ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ቢኖርም አልተናገረም።

መነፅሩን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። ሕገ ወጡ ድልድይ እፊታቸው ቆሟል፤ መሀሉ ላይ ወይዘሮ ባንቺዓለም ተቀምጠዋል።

«ምን ይታይዎታል?» አሉ አቶ አስናቀው።

ወይዘሮ ወይንእሸት ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ወንዝ» አሉ። «ጻፍ፤ መቶ በመቶ ፈርሷል።»

«ፈረሰ?» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም ከተቀመጡበት።

«ፈርሷል እናቴ።»

«እንግዲያ ተሻገሩና የአራስ ቤት ገንፎ ቅመሱ።»

ግብረ ኃይሉ ድጅኖውን በትከሻው እንዳደረገ በፈረሰው ድልድይ ላይ ተሻገረ። አርሴማ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስም ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጥተዋል። ገንፎው ቀረበ። መሀሉ ላይ የቀለጠ ቅቤ ሞልቷል። ወይዘሮ ወይንእሸት እጃቸውን ከሰደዱ በኋላ ድንገት አቆሙ።

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ወደ አቶ አስናቀው አየ። እሳቸውም ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና አልተደናገጡም።

«ድልድዩ ፈርሷል» አሉ። «ድልድይ ከሌለ የተሻገረ ሰው የለም። እዚህ ያልመጣ ሰው ደግሞ ምን ሊበላ? ይቅረቡ።»

ወይዘሮ ወይንእሸት እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ወደ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ዞሩ። «አባቴ፣ ምን ይላሉ?»

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ፤ ጢማቸው ሳቀ።

«ብሉ ልጆቼ፣ ብሉ» አሉ። «ለታችኛው መሻገሪያም ድልድይ ያስፈልጋል።»