ሊቀ እንቁራሪት

አንድ ነገር ብቻ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለሆሳዕና ከተማ የደረሷት መምህር ዕንባቆም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሌላው ትምህርት ሁሉ ከራሳቸው ወጥቶ የእንቁራሪት ዓይን ብቻ ቀረ። የመናኸሪያው ሰው «ሊቀ እንቁራሪት» ብሎ ሾማቸው፤ እሳቸውም ሹመቱን ከልብ ተቀበሉት።

ዙፋናቸው የእትዬ ትርፊት ሱቅ በር ላይ ያለው የሩዝ ጆንያ ነው።

«የእንቁራሪት ዓይን ያየውን ሁሉ ለአንጎሏ አያቀብልም፤ መርጦ ነው። ትንሽና የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ይበላል። ትልቅ ሆኖ ከመጣ፣ ይሸሻል። በሞቱ ዝንቦች መሐል ብትቀመጥ በረሃብ ትሞታለች» ይላሉ።

ይህ የማይገባበት ቦታ የለም። ከሌሞ ቆጮ ጭኖ የመጣ ባለጋሪ፣ የቆመ ፈረሱን ባጃጅ ገጭቶበት ሲጮህ፣ «ከቆመማ በምን ያየዋል» ብለው ለባጃጁ ፈረዱ። ለቅሶ ቤት ደግሞ አስከሬኑ ሳይወጣ ስለ እንቅስቃሴ ጀምረው፣ ክንዳቸውን ተይዘው ወጡ።

ትርፊት ሰው ማስቀየም አትችልም። ጭራዋን እያወዛወዘች ዝንብ ታባርርና «እሺ መምህር» ትላለች። በልቧ ግን «ምነው አንዷ እንቁራሪት እኚህን ሰውዬ በዋጠችልኝ» እያለች ነው።

በፍልሰታ፣ ሐኪም እንዳትጾም ነግሯት ሳለ፣ የስኳር ኪኒኗን ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ተቀመጠች። ለማንም አልተናገረችም። ስድስት ሰዓት ላይ ዓይኗ እንደተከፈተ ወንበሯ ላይ ፈዛ ቀረች። አንድ ደንበኛ ጠራት፤ ዝም ስትለው፣ «ኮርታለች» ብሎ ሄደ። የጎን ባለሱቋ ሱምያ አየት አድርጋት፣ «ጸሎት ላይ ናት» አለች።

መምህር ብቻ ንግግራቸውን አቋርጠው ተነሡ። ይህ ራሱ በሆሳዕና ታይቶ አያውቅም። ስኳሯ እንደወረደ ገምተው ሚሪንዳ ከፍተው ጠብ ጠብ እያደረጉ አጠጧት፤ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷም ስለ እንቁራሪት ሳትማር አልቀረችም።

በሦስተኛው ቀን ትርፊት ሱቋን ከፈተች።

«መምህር፣ ሰው ሁሉ ሳያየኝ እርስዎ እንዴት አዩኝ?»

«እርስዎንማ አላየሁም፣ እትዬ ትርፊት» አሉ ሳያፍሩ። «ያየሁት ዝንቧን ነው። ከቅንድብዎ ተነሥታ አፍንጫዎ ድረስ በእግሯ ስትሄድ፣ ጭራው አልተነሣም።»

ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት ቀደሟት። «የእንቁራሪት ዓይን እኮ…»

ግንባሯ ላይ አንዲት ዝንብ አረፈች። ትርፊት ጭራዋን አነሣች፤ ከዚያ ጥቂት አሰበችና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እሺ መምህር» አለች።