የፈረንጅ ግጥም ቤት የሚያስመታው ደግፌ

የፈረንጆቹ የዘጠና አራት ክረምት፣ የለንደኑን ማለቴ ነው፣ ዝናቡን ሳይሆን ብርዱን፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነበር። ብሪክስተን፣ ካውንስል የሚሉት የከተማው አስተዳደር በሰጠኝ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማሞቂያው ጋር ተጣብቄ ፖስተኛ እጠብቃለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ አይመጣም። የሚመጣው ደግፌ ብቻ ነው።

ስደተኛ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ያነበበውን ለሰው ሳያሰማ ምሳው የማይፈጭለት አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ሊቀ ሊቃውንት ደግፌ ነበር። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥባል፤ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር በአውቶቡስ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ሌላው ሲመለስ ሽቶና ጫማ ያመጣል፤ እሱ ግጥም። ከሊዝበን፣ ከፕራግ፣ ከቡዳፔስት፤ ያውም የጥንቶቹን አይደለም፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎች የጻፉትን። መጽሐፉ በአንድ ወገን የአገሩ ቋንቋ፣ በሌላው ወገን እንግሊዝኛ አለው፤ እሱ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል።

«እትዬ ሮማን፣ ይቺን ብቻ ይስሙኝ!» ይላል ካፖርቱን ሳያወልቅ። «ይቺን ብቻ» ማለት እስከ ምሳ ድረስ ማለት ነው።

ችግሩ፣ የዛሬ ፈረንጅ ግጥሙ ቤት አይመታም። ደግፌ ደግሞ ቤት የማይመታ ግጥም እንደ ራቁት ሰው ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ያለብሰዋል። አንዲት የሊዝበን ሴት ስለ ዓሣ ሻጭ እናቷ አራት መስመር ጽፋ ነበር። እሱ ዘንድ ሲደርስ ሠላሳ ሆነ፤ ዓሣ ሻጯ ባሏ ሞተ፣ በሬዋ ጠፋ፣ ጣና ዳር ቆማ አለቀሰች።

«አንተ፣ ሊዝበን ጣና አለ እንዴ?»

«ቤት እንዲመታ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ቤት ይምታ ተብሎ የሰው ባል ይገደላል?»

ጎረቤቴ ሰቢሃ የእሱን ኮቴ ስትሰማ ቴሌቪዥኗን ታስጮኻለች። እኔም አንዳንዴ ትንፋሼን ውጬ የለሁም ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የካቲት ላይ ጠበቃዬ ለስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚገባውን ቃሌን ልትጽፍ ክሮይደን ያለው ቢሮዋ ቀጠረችኝ። ሁልጊዜ የሚያስተረጉምልኝ ሰውዬ ታሞ ተኛ። በዚያ ጧት ሥራ ያልገባ እንግሊዝኛ አዋቂ ማን ተገኘ? ደግፌ።

እዚህ አገር እንደገባሁ ከሰጠሁት ቃል አንዲት ፍሬ ከዛነፈች ውሸታም ተብሎ መባረር ነው። ባቡሩ ውስጥ፣ «ደግፌ፣ በእናትህ፣ እንዳትጨምርብኝ!» አልኩት። እሱ ከፕራግ ያመጣውን መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ ይገልጥ ጀመር። የባሰውን ያስፈራኝ ይኼ ነው።

ጠበቃዋ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ።

«ከቤት ወሰዱት። አልተመለሰም» አልኩ።

እንግሊዝኛ ባላውቅም መቁጠር አውቃለሁ። ደግፌ ያንኑ ያህል ተናግሮ አፉን ገጠመ። ልጄ ያን ቀን ምን ለብሶ እንደነበር ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ፣ ብዙ ዝም አልኩ። ጠበቃዋ ወደ እሱ ዞረች። «ናቲንግ»፣ ምንም፣ አላት፤ ያቺን ቃል አውቃታለሁ። ሁልጊዜ አየር የሚቀዝፈው እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቷል።

በኋላ የጻፈችውን አነበበች፣ እሱም በአማርኛ መለሰልኝ። ያልኩት ሁሉ አለ፤ ያላልኩት የለም። ከመጀመሪያው ቃሌ ጋር ስታስተያየው አንድ ሆነ። እፎይ! ወንበሩ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ተዘረፈጥኩ።

ደረጃው ላይ፣ «ምነው ዛሬ ሳታጣፍጠው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ያ እኮ የእርስዎ ነው» አለኝ።

ባቡር ውስጥ የፕራጉን መጽሐፍ ከኪሱ አወጣ፤ ዓይኔን አየና መልሶ ሊከተው ሲል እጁን ያዝኩት።

«አንብብልኝ። እንደ ልብህ ጨምርበት።»

ስለ በረዶ የተጻፈች ስድስት መስመር ክላፓም ጣቢያ ሳንደርስ ሠርግ ሆነች፤ ሚዜዎቹም ጠጁን ጨረሱት። አንድም እንዲያስቀርብኝ አልፈለግሁም።

ወረቀቴ ግንቦት ላይ መጣ። ደግፌ በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ለንደንን ለቀቀ። የመጨረሻ የሰማሁት ሊዝበን፣ ወደቡ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ነው።