የሁለቱ መርፌዎች ፍጹም ስምምነት

በአንድ ታላቅ ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሽተኛ ከማከም የላቀ ተግባር የተጣለበት ኮሚቴ ነበር። ተግባሩም ከቆሽት እብጠት ናሙና ለመውሰድ ቀጭን መርፌ ይሻላል ወይስ ወፍራም የሚለውን ማወዳደር ነው። ቀጭኑ ሕዋስ ይመጥጣል፤ ወፍራሙ ቁራጭ ሥጋ ቆርጦ ያወጣል። የቀጭኑ መርፌ ጠበቃ በር የሚሞላ ዶክተር ሲሆን፣ የወፍራሙ ጠበቃ ደግሞ ንፋስ የሚወስደው የሚመስል ነበር። ሁለቱ ሰላምታ ከተለዋወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ለሳይንስ ሲሉ።

የአንድ ወጣት ልብስ ሰፊ እናት ግን ይህን ሁሉ ክብር አታውቅም። የምታውቀው በልጇ ቆሽት ላይ ለውዝ የምታህል እብጠት መታየቷን ነው። ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ስለሆነ፣ የዚያኑ ዕለት በልቧ ልጇን ቀብራው ተመልሳለች።

ልጁ ምግብ ሳይቀምስ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ የትኛው መርፌ ይቅደም በሚለው ላይ የኮሚቴው ድምፅ እኩል ለእኩል ይከፈል ነበርና። በአራተኛው ሁለቱም እንዲወጉት ተወሰነ። በአፉ ቱቦ ገባ፤ መርፌዎቹም በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ቆሽቱ በየተራ ተላኩ።

በሳምንቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ እናትን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ውጤቱን አነበቡ። ሁለቱ ዘዴዎች መቶ በመቶ ተስማምተዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። ሁለቱ ዶክተሮች ተቃቀፉ፤ ቀጭኑ ዶክተር በግዙፉ እቅፍ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ነበር።

"ምን ብለው ነው የተስማሙት?" አለች እናት።

ከኋላ የተቀመጠችው የላቦራቶሪ ባለሙያ አንገቷን ደፋች። "ጨጓራ ነው ብለው ነው፣ እማማ። ሁለቱም ይዘው የመጡት የጨጓራውን ግድግዳ ነው። ቆሽቱ ጋ አልደረሱም።"

"ቢሆንም ተስማምተዋል" አሉ ሰብሳቢው።

እናት ሌላ ናሙና እንዲወሰድለት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሰብሳቢው ከልብ አዘኑላት። ሆኖም ሦስተኛ ናሙና እንዲህ ያለውን ውብ ስምምነት ሊያደፈርስ እንደሚችል፣ በመዝገቡም ላይ ልጇ "የተጠናቀቀ" ተብሎ መስፈሩን በአክብሮት ገለጹላት። ይህን ቃል ስትሰማ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ቤቷ ገብታ አልቅሳ ሲወጣላት ቁጭ ብላ አሰበች። በማግስቱ ማመልከቻ ይዛ መጣች። ርእሱም "ከቆሽቱ በትክክል ናሙና በሚወሰድለትና በማይወሰድለት በሽተኛ መካከል የሚደረግ የንጽጽር ጥናት" ይላል። ኮሚቴው ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላት። እስከ ዛሬ ይህን ያሰበ አልነበረም። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ አድልዎ እንዳይኖርም ልጇ ከየትኛው ወገን እንደሚሆን በዕጣ እንዲለይ፣ ዕጣውንም የሐሳቡ አመንጪ ራሷ እንድታዘጋጅ ተወሰነ።

ሁለት ወረቀት ጽፋ፣ አጣጥፋ ኩባያ ውስጥ ጨመረች። ሰብሳቢው ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አዙረው አንዱን አወጡና ዘረጉት።

"የሚወሰድለት" ብለው አነበቡ። "ዕድለኛ ነዎት፣ እናቴ።"

በማግስቱ ጠዋት መርፌው ቆሽቱ ጋ ደረሰ። ቀጭኑ ይሁን ወፍራሙ፣ እናት አልጠየቀችም።

ኩባያው ውስጥ የቀረው ወረቀት ላይም የተጻፈው ያው "የሚወሰድለት" ነበር። ማወዳደር ሥራው የሆነው ያ የተከበረ ኮሚቴ ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ሐሳቡም አልመጣለት። እንዲያውም እናት ኩባያውን ላጥበው ብላ ይዛ ስትወጣ፣ በሩን የከፈቱላት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው።