ቀይ ያልበዛበት ወረቀት

አንባቢዬ፣ በስታቲስቲክስ የሚያስፈራራ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ጅብ ቢመጣብዎት ሮጠው ቤት ይገባሉ። ከስታቲስቲክስ ወዴት ይሮጣል?

እኔን የገጠመኝ ሸዋሮቢት አብሮኝ የሚያስተምረው የባዮሎጂ መምህር ነው። ክረምት ክረምት ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም በግመል ኮሮና ቫይረስ ላይ ነው።

አንድ ቀን እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው ጀውሃ፣ የግመል ወተት ከሚሸጡት ከእትዬ ከዲጃ ቤት ወተት እየጠጣሁ ሳለ የጥናቱን ወረቀት ዘረጋልኝ። የቫይረሱ ፕሮቲን በፊደላት ተደርድሯል፤ ላይኛው መስመር ከግመል፣ ታችኛው ከታመመ ሰው የተወሰደ ነው። ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አክብቧል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት የተማሪ ፈተና በማረም ነው። በሙሉ ገጽ ላይ ሦስት ቀይ ብቻ ሳይ ደስ አለኝ።

«ጎበዝ ነው! ይሄማ ዘጠና ስምንት ይገባዋል» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «የሚያስፈራውም እሱ ነው። ቀዩ ቢበዛ ኖሮ እንተኛ ነበር። ደጋግሜ አሰላሁት፤ መመሳሰሉ የአጋጣሚ አይደለም። ቫይረሱ ከግመል ወደ እኛ ለመሻገር ብዙ መለወጥ እንኳ አላስፈለገውም።»

ኩባያዬን አየሁት። ግማሹ የለም፤ ሆዴ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ወተቱ ፈልቷል?» አልኩ።

«ወላሂ፣ የግመል ወተት የሚያፈላ ሰው አይቼ አላውቅም!» አሉኝና ኩባያዬን ሞሉልኝ።

እስካሁን አልታመምኩም። ግን ስህተት የሌለበት የተማሪ ወረቀት ባረምኩ ቁጥር ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።