የወርቁ ጥይትና የጋራ ግድግዳችን

እኛ ሰዎች በግ ስንገዛ ወገቡን ሳንዳብስ አንመለስም፤ ሐብሐብ እንኳ በጣታችን አንኳኩተን፣ ጆሯችንን አስጠግተን ነው የምንወስደው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልን ያደግን ነና። ጥይት ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይጠፋል። ምኑ ይዳበሳል? ሻጩ «ምርጥ ነው» ይላል፤ ካርቶኑም «ምርጥ ነው» ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያገኛችሁት ወዳጃችሁም ከሻጩ የሰማውን ይደግምላችኋል። ሦስት ምስክር አገኘሁ ትላላችሁ። ምስክሩ ግን አንድ ነው፤ እሱም ሻጩ።

ወርቁ ጎረቤቴ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሰንራይዝ ማነር በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ላይ፣ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። እሱ ካዚኖ ሥራ ላይ ሳለ ሌባ በሩን ሰብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ እንቅልፍ አጣች፣ እሱም ሽጉጥ ገዛ። አልፈረድኩበትም፤ ሰው በገዛ ቤቱ ሲፈራ ማየት ያሳዝናል። የቀረው ጥይት መምረጥ ነበርና፣ መኪናም ፍራሽም ሲገዛ እንደሚያደርገው እኔን አማከረኝ።

«ሻጩ ሰውዬ በጣም ሪኮመንድ አደረገልኝ» አለ ካርቶኑን እያገላበጠ። «ግን ማን ቼክ አድርጎት ያውቃል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ስንጠያይቅ ከከተማው ውጭ፣ በረሃው ላይ ጥይት የሚፈትኑ አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ አገኘን። ሽማግሌው ከፋብሪካም ከሱቅም ምንም አይቀበሉም፤ እንደማንኛውም ገዢ ከመደርደሪያ ያነሱትን ተኩሰው፣ ያዩትን ለተኳሾች ይናገራሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። በሰው ሥጋ ምትክ ከጄል የተሠራ ብሎክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና የወርቁን ጥይት ተኮሱበት። እንዲከፈት ተብሎ የተቦረቦረው ጫፉ እንደ አበባ ተከፈተ፣ በዚያም ፍጥነቱ ተገትቶ ብሎኩ መሃል ላይ ቆመ። ወርቁ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው።

«የምትኖሩት አፓርታማ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

አዎ ስንላቸው ከብሎኩ ፊት ሁለት ሰሌዳ ጂፕሰም አቆሙ። የዚህ አገር የቤት ውስጥ ግድግዳ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሁለት ስስ ሰሌዳ፣ መሃሉ ባዶ። እኛ ደግሞ ግድግዳ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ጭቃና ድንጋይ፣ ቢያንስ ብሎኬት ነው። ስንት ዓመት ስንደገፈው ኖረን አንድም ቀን አላንኳኳነውም።

ተኮሱ። ጥይቱ ሁለቱንም ሰሌዳ ቀደደ። የተቦረቦረው ጫፉ በጂፕሰም ዱቄት ስለተደፈነ ሳይከፈት ብሎኩን ከዳር እስከ ዳር በሳና ከኋላ ያለው የአፈር ክምር ውስጥ ገባ።

የልጄ የቤዛ አልጋ ከወርቁ ቤት ጋር የምንጋራውን ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። ወርቁም ያውቃል፤ ከመተኛቷ በፊት ስትዘምር በግድግዳው በኩል ይሰማታል። የወርቁ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ግድግዳው ላይ የሚቆም የለም?» ሲል ጠየቃቸው።

«ሌባ የሚያቆም ጥይት ይህን ግድግዳ ያልፋል» አሉት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

በማግስቱ ከወርቁ ቤት ዕቃ ሲጎተት ሰምቼ ሄድኩ። አልጋውን ወደ እኛ ግድግዳ አስጠግቶታል።

«አሁን ጀርባዬ ወደ ቤዛ ነው» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ብተኩስም ወደዚያ ነው።» ትይዩ ያለውን ግድግዳ በጣቱ አሳየኝ።

እንባዬ መጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። እንደዚያው ቆመን ሳለ፣ ጣቱ ካመለከተው ግድግዳ ወዲያ ሕፃን ልጅ ሲስል ተሰማን።

«እዚያ የሚኖረው ማነው?» አልኩት።

ወርቁ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«እኔ እንጃ» አለ።