የህንዱ አስተርጓሚ

(አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ። ሙዝ ነጋዴዋ አገርነሽ ግቢዋ ውስጥ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ተከራይዋ መምህር ሳሙኤል ከህንድ መጥቶ ማስተማር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አማርኛውን ከተማሪዎቹና ከባጃጅ ሾፌሮች ለቃቅሞታል። በዚያው አማርኛ የኢትዮጵያን ፖለቲካ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል።)

ሳሙኤል፦ አልችልም አልኩዎት፣ ወይዘሮ አገርነሽ።

አገርነሽ፦ ምኑ ነው የሚከብደው? እሁድ የሚመጣው ሰባኪ ህንድ፣ አንተም ህንድ። እሱ ይናገራል፣ አንተ ወደ አማርኛ ትመልሳለህ። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቃል ገብቻለሁ፤ ወንበርም ተከራይተናል።

ሳሙኤል፦ ሰውየው የሚናገረው ሂንዲ ነው። እኔ ሂንዲ አልችልም።

አገርነሽ፦ (ድምጿን ዝቅ አድርጋ) ቋንቋህን ረሳኸው?

ሳሙኤል፦ አልረሳሁም። የእኔ ታሚል ነው።

አገርነሽ፦ ታሚል ደግሞ ምንድን ነው? ሰፈር ነው?

ሳሙኤል፦ ሕዝብ ነው። የራሳችን ቋንቋ፣ የራሳችን ፊደል ያለን ሕዝብ።

አገርነሽ፦ ባለፈው እዚሁ ቁጭ ብለህ ምን አልከኝ? «እናንተ ጋ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ ብሔር ይጠይቃል። ጋሞ፣ ወላይታ፣ ጎፋ ማለት ምን ያደርጋል? ሁሉም ያው ያንድ አገር ሰው ነው።» እኔም አሰብኩበትና እውነቱን ነው አልኩ። ሴቶቹ «ተከራይሽ ምን ዓይነት ህንድ ነው?» ሲሉኝ፣ ህንድ ህንድ ነው ብዬ ዘጋኋቸው።

ሳሙኤል፦ ያንን ያልኩት ስለ እናንተ ነው። የእኛ ይለያል።

አገርነሽ፦ በምን?

ሳሙኤል፦ (ከመቀመጫው ተነስቶ) አያቴ በወጣትነታቸው «ሂንዲ በግድ አይጫንብንም» ብለው ባቡር ጣቢያ ላይ በሂንዲ የተጻፈውን ስም ሬንጅ ቀብተው ታስረዋል። ዛሬ እኔ የልጅ ልጃቸው መድረክ ላይ ወጥቼ ሂንዲ ልተርጉም?

አገርነሽ፦ እኔ እኮ ካንተ ንግግር የተነሳ ይሄ ነገር እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

(ሳሙኤል ለዚህ ግቢ ሰው ሲያስረዳ የኖረው ሁሉ ትዝ አለውና ጆሮው ጋለ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።)

ሳሙኤል፦ ወንበሩን መመለስ አይቻልም?

አገርነሽ፦ ከኦቾሎ ሳይቀር ሰው ይመጣል፣ እንዴት ይመለሳል? ጥቂት ቃል ከያዝክ ሌላውን በእጅህ ትሞላዋለህ። እኔ ላስተምርህ።

ሳሙኤል፦ እርስዎ?

አገርነሽ፦ የህንድ ፊልም እያየሁ አይደል ያደግኩት? ፕያር ፍቅር ነው። ዶስት ጓደኛ። ማ እናት። በል ድገም።

ሳሙኤል፦ (መሬት መሬት እያየ) ፕያር... ዶስት...

አገርነሽ፦ አፍህ ይተሳሰራል። ግድ የለም፣ ለባዕድ ሰው ደህና ነው።

(እሁድ። አዳራሹ ሞልቷል። ሳሙኤል ሱፉን ለብሶ፣ ላቡ እየወረደ ከመድረኩ አጠገብ ቆሟል። እንግዳው ሰባኪ ሸበቶ ሰው ናቸው። ማይኩን ተቀበሉና፣ ነቀምት ላይ ለብዙ ዓመት ሒሳብ ማስተማራቸውን፣ አስተርጓሚም እንደማያስፈልጋቸው ጥርት ባለ አማርኛ ተናገሩ። አገርነሽ አንገቷን ደፋች። ሳሙኤል ተመልሶ ተቀመጠ፤ እፎይ ይበል ይፈር ግራ ገባው። ከስብከቱ በኋላ እንግዳው በር ላይ አግኝተውት በሂንዲ ረጅም ሰላምታ ሰጡት። ምንም ስላልገባው እጅ ብቻ ነሳ።)

እንግዳው፦ (ወደ አማርኛ ተመልሰው) ይቅርታ፣ ህንድ መስለኸኝ ነው። የት ነው አገርህ፣ ወንድሜ?

(ስለ ታሚል ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። አገርነሽ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። ሐሳቡን ለወጠ።)

ሳሙኤል፦ እዚሁ ነው። የሲቀላ ልጅ ነኝ።

እንግዳው፦ (ደስ ብሏቸው፣ ክንዱን ይዘው ወደ ዛፍ ጥላ እየወሰዱት) በጣም ጥሩ። እንግዲህ እንዳትቀየመኝ፤ እኔ የውጭ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ከናንተ ይልቅ ለእኔ ይታየኛል። የእናንተ የኢትዮጵያውያን ችግር ምን መሰለህ...

ሳሙኤል፦ (እጁን አጣምሮ፣ በትሕትና) ይንገሩን፣ አባቴ። ምን አጠፋን?